በአገዳ የተለበጠው ቢሮ

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን በእርግጠኝነት የምናገረው ሰይድ ስልክ መደወል የሚጀምረው ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው። ሰይድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ጠረጴዛው ከጠረጴዛዬ ጀርባ ነው። ዋጃ ከተማ ላሉት አጎቱ በየቀኑ ይደውላል። ለዚህ ስልኩ ለምን እንደሚያስፈልገው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ መስኮቱን ከፍቶ ቢናገር አጎትየው ይሰሙታል።

የምሠራው ቆቦ ውስጥ፣ የገበሬ መሬት ጉዳይ በሚታይበት አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ነገም የምገባው እዚያው ነውና። አሥራ አንድ ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ውስጥ እንቀመጣለን። አዳራሹ ኮርኒስ የለውም፤ ከራሳችን በላይ ያለው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ ነው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ የተነገረ ነገር ሁሉ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ከሰውየው፣ አንዴ ከቆርቆሮው። በግራችን ወፍጮ ቤት አለ። ከፊታችን ባጃጆች ተሰልፈው ሰው ይጠራሉ። በበሩ በኩል ባለው ረጅም አግዳሚ ወንበር ላይ ደግሞ ባለጉዳዮች ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እየጠበቁም ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብና ስለ እኛ ያወራሉ።

በዚህ ሁሉ መሃል እኔ አለሁ። የእኔ ድምፅ ለራሴም በቅጡ አይሰማኝም። ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ያቀረብኩ ቀን አንድ መምህር በመጨረሻ ተነሥተው «የተናገርሽውን አልሰማሁም፤ ወረቀትሽ ግን ጥሩ ነው» ብለውኛል። ታዲያ ይህን የመሰለ ድምፅ ይዤ የተመደብኩት ቅሬታ ተቀባይ ሆኜ ነው። ማን እንደመደበኝ ባውቅ ኖሮ መጀመሪያ የምመዘግበው ቅሬታ የራሴን ነበር።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከፊቴ የተቀመጡት እትዬ ዘሀራ ናቸው። ባላቸው አምና የሞቱባቸው፣ ከጎብዬ አካባቢ የመጡ ሴት ናቸው። ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው። በሁለቱ ቀን ሰላም ብለውኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠይቀውኝ፣ ዙሪያቸውን አይተው ተመልሰው ሄደዋል።

«እትዬ፣ ጉዳይዎ ምንድነው?» አልኳቸው።

«እ?»

«ጉዳይዎ…»

«አልሰማሁሽም የኔ ልጅ። እስቲ ጮክ በይ።»

ጮክ አልኩ። ማለትም ለእኔ ጮክ ያልኩ መሰለኝ። ያን ጊዜ ሰይድ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ወደ እኛ ዞሮ «ጉዳይዎ ምንድነው ነው የምትልዎ፣ እማማ!» አለላቸው። አዳራሹ ጸጥ አለ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩን። አንዱ ሽማግሌ ከጎናቸው ያለውን ሰው «ምንድነው ጉዳይዋ?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። ዋጃ ያሉት አጎትም ሳይጠይቁ አልቀሩም።

እትዬ ዘሀራ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ እውጭ ከለጠፋችሁት ስም ጋር የተያያዘ ነው። ግን የቤት ገመና ነው፣ የሚጮህበት አይደለም። ከዚህ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ዘመዴ ነው፤ ግማሹም የዘመዴ ዘመድ ነው። እንዴት አድርጌ ልናገር?»

ነገሩ ገባኝ። በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ የማሳ ባለይዞታዎች ስም ዝርዝር ተለጥፏል። ቅሬታ ያለው ሰው እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መጥቶ፣ ከፊቴ ተቀምጦ፣ ተናግሮ ካልፈረመ ዝርዝሩ እንዳለ ይጸድቃል። እትዬ ዘሀራ ማሳቸው በሌላ ሰው ስም ወጥቷል ማለት ነው። የሰውየውን ስም ደግሞ ሊጠሩት አልፈለጉም፤ ወይም ቆርቆሮው እንዲደግመው አልፈለጉም።

ወደ ውጭ ወጥታችሁ ለምን አታወሩም የሚል አንባቢ ይኖራል። ሞክሬያለሁ። ግቢያችን ውስጥ ካለችው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ወስጃቸው ገና ሳንቀመጥ ስድስት ገበሬዎች ተከትለው መጥተው ዙሪያችንን ተቀመጡ። የቢሮ ሰው ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ስብሰባ ሊጀመር ነው ማለት ነው፤ አንዱማ «ሌሎቹን ልጥራልሽ?» ብሎኛል። በጽሑፍስ? በሩ ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ አለ። ሥራውን የሚያከብር ሰው ስለሆነ ጽፎ ሲጨርስ ባለጉዳዩ እንዲያረጋግጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ያነባል።

«አብሽሪ፣ ረቡዕ እመለሳለሁ ኢንሻ አላህ» አሉኝ እትዬ ዘሀራ፣ የሚጽናኑት እሳቸው መሆን ሲገባቸው እኔን አጽናንተው። እኔም ከኋላቸው እያየሁ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ባልኩ ቁጥር ምን እንደሚደርስብኝ እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ኃላፊያችን አቶ ጌታሁን ዘንድ ከመግባቴ በፊት የምናገረውን በወረቀት ጻፍኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ገብቼ ሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት፤ ለእሳቸው።

«ጩኸት አለ ነው የምትይኝ?» አሉ።

«አዎ፣ ባለጉዳዮች ምሥጢራቸውን መናገር አልቻሉም።»

«እውነትሽን ነው። እኔም ራሴ ስልክ ማውራት አልቻልኩም። በይ እንግዲህ ኮሚቴ ይቋቋም። ሰብሳቢ አንቺ። ሰይድ አባል። ዘበኛውም ጋሽ ደምሴ ይግቡበት፤ ግቢውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።»

የድምፅ ቅነሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ወጣሁ። ከአባላቱ አንዱ ራሱ ድምፁ ነው።

መጀመሪያ ችግሩ ይለካ አልኩ፤ ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ነው። ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫንኩና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ድምፅ ሲበረታ መርፌዋ ከአረንጓዴው ተነሥታ ወደ ቀዩ ትሄዳለች። ይህን ለአንድ ሰው ባሳይ ለሁሉም እንዳሳየሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ባልደረቦቼ በሙሉ ጠረጴዛዬን ከበው መርፌዋን ማን ቀዩ መጨረሻ እንደሚያደርሳት ይወዳደሩ ጀመር። የመዝገብ ቤቷ እህት በሳል ሞከረች። ከባለጉዳዮቹ አንዱ በሬ የሚጠራበትን ድምፅ አሰማ፤ ጥሩ ውጤት ነበረው። ሰይድ ግን ምንም አላደረገም፤ «ሃሎ!» ብቻ አለ። መርፌዋ ጥግ ደርሳ እዚያው ቀረች፤ ስልኩን አጥፍቼ እስካበራው ድረስ አልተመለሰችም። አቶ ጌታሁን ከክፍላቸው ብቅ ብለው «ኮሚቴው ሥራ ጀመረ?» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ውሳኔ አሳለፍኩ። አንደኛው መስኮቶቹን መዝጋት ነው። ባጃጆቹና ወፍጮው በእውነትም ራቅ አሉ። ነገር ግን ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ የቆቦ ሚያዝያ ከቆርቆሮ ሥር መስኮት ተዘግቶ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ ብሞክር ላቤ ወረቀቱን ያበላሸዋል። አራት ሰዓት ሳይሆን አንድ አዛውንት «ልጆቼ፣ ጥፋታችን ምንድነው?» ብለው ጠየቁ። ከፈትን።

ሁለተኛው ውሳኔ በሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። በጥሩ የእጅ ጽሑፌ «እባክዎ በዝግታ ይነጋገሩ» ብዬ ጻፍኩ። የሚገባው ሰው ሁሉ ቆም ይልና አዲስ ነገር መለጠፉን አይቶ «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስም ዝርዝር ነዋ የለመደው። ሰይድ ደግሞ ኮሚቴ ስለሆነ ኃላፊነት ተሰምቶት ከተቀመጠበት «በዝግታ ተነጋገሩ ነው የሚለው!» ብሎ ይመልሳል። እስከ ምሳ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳለ አልቆጠርኩም። ከምሳ በኋላ ወረቀቱን ራሴ ቀደድኩት።

እንግዲህ ወደ አገዳው መጣን።

አንድ የማውቀው ነገር አለ፤ ባዶና ለስላሳ ግድግዳ ድምፅን ይመልሳል፣ ሻካራና ክፍት ክፍት ያለ ነገር ግን ይውጣል። ሀብታም መሥሪያ ቤት ቢሆን ስፖንጅ ይለጥፋል፣ ምንጣፍ ያነጥፋል። እኛ ምን አለን ብዬ በመስኮት ሳይ፣ ከግቢያችን አጥር አጠገብ ከማሳያ ማሳ የተረፈ የማሽላ አገዳ ተከምሮ አየሁ። ውስጡ ስፖንጅ የመሰለ፣ ውጭው ቅጠል ያለው፣ የሚያምር የማሽላ አገዳ። ልቤ ዘለለ። አሁን ሳስበው ሦስት ዓመት የተማረ ሰው ብቻ ነው በዚያ ወር፣ በዚያ አገር፣ የአገዳ ክምር አይቶ ስለ ድምፅ የሚያስብ።

ጋሽ ደምሴ ነገሩን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

«ግድግዳው ላይ?»

«አዎ፣ ጋሼ። በሲባጎ ጠፍረን እንደ ሰሌን እንሰቅለዋለን።»

«ልጄ፣ በልጉ ቀርቷል፤ ሰው ከብቱን በምን እንደሚያቆይ ጨንቆታል። አንቺ ይሄን የምታይው በጆሮሽ ነው። ሰው ግን በበሬው ሆድ ነው የሚያየው።»

እኔ የሰማሁት «አይሆንም» አለማለታቸውን ነው። ያን ዕለት ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጋሽ ደምሴ ሲጠፍሩ፣ እኔ ሳቀብል፣ ሰይድ ወንበር ላይ ቆሞ ሲሰቅል ሦስቱን ግድግዳ ለበጥነው። ሰይድ ከላይ ሆኖ «አሁን እኔን ለማፈን ነው ይሄ ሁሉ?» አለኝ። «ኧረ ላንተ አይደለም፣ ለሁላችንም ነው» አልኩት። ውሸቴን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ስንገባ ተአምር ነበር። ወንበር ስስብ ወንበሩ ብቻ ተሰማ፤ ቆርቆሮው አልመለሰም። ሁሉም ሰው ሳያስበው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰው የአገዳ ሽታ ባለበት ጎተራ ውስጥ ያለ መስሎት ይሆናል። አቶ ጌታሁን ከክፍላቸው ወጥተው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰው «ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው!» አሉ። ተመልሰው ገቡና በራቸውን ዘግተው ስልክ ደወሉ። ከዚያም አሥራ አንዳችንም፣ ባለጉዳዮቹም ጭምር፣ «እሺ የኔ ማር፣ ሽንኩርቱን አልረሳም፣ ትናንትም የረሳሁት በሥራ ብዛት ነው» ሲሉ ጥርት አድርገን ሰማን። ማንም ቀና አላለም። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሽማግሌ ብቻ «ምስኪን» አሉ።

ያን ጊዜ መጠንቀቅ ነበረብኝ። እኔ ግን እየተኩራራሁ ነበር።

እትዬ ዘሀራ እንዳሉት መጡ። ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ምነው ልጄ፣ ቢሮውን ለማን ልታበይው ነው?» አሉኝና ሳቁ። ተቀመጡ። ቅጹን አወጣሁ፣ እስክርቢቶዬን ከፈትኩ፤ በተለመደው ድምፄ «ጉዳይዎ ምንድነው፣ እትዬ?» አልኳቸው። ወዲያው ሰሙኝ። በደስታ እንባዬ ሊመጣ ነበር።

«እንግዲህ ልጄ፣ ባሌ አምና ሲሞት…» ብለው ጀመሩ።

አግዳሚው ላይ ያለው ወሬ ቆመ። ሰይድ ስልኩን ዘጋ። የመዝገብ ቤቷ እህት ማኅተሙን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ማንም ክፉ አልነበረም፤ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲያወራ የማይሰማ ሰው የለም፣ ያው ነው። እትዬ ዘሀራ ዝም አሉ። እኔን አዩ። አግዳሚውን አዩ። ከአግዳሚው አንዲት ሴት በርኅራኄ «ቀጥይ እቴ፣ ከዚያስ?» አለቻቸው።

«ከዚያማ… ያው ቀበርነው» አሉ እትዬ ዘሀራ። «አላህ ይማረው። በሉ ደኅና ዋሉ።»

ተነሥተው ወጡ። ተከትያቸው ስሮጥ በሩ ላይ ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ነገ እኮ የመጨረሻው ቀን ነው! አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።»

«አውቃለሁ። ዕዳው የኔ ነው ልጄ፣ አንቺ አትጨነቂ።» ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱና «ሰውየው ክፉ አይደለም እኮ» አሉኝ። «ባሌ ከታመመ ጀምሮ ሦስት ክረምት አርሶልኛል። አንድ ቃል ከእኔ አፍ ወጥቶ ገበያ ላይ ከሰማው፣ መሬቱ ቢመለስም ሰውየው አይመለስም።»

ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም። ሰው በጩኸት ውስጥ መናገር አይችልም ብዬ ጸጥታ አመጣሁ፤ በጸጥታ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ መናገር እንደማይቻል አሳየሁ። ዱሮ ቢያንስ ወፍጮው ይሸፍናቸው ነበር።

ሐሙስ የሆነውን ጋሽ ደምሴ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ አልሰማሁም እንጂ። ረቡዕ አዳራሹን ያየ ሰው ሁሉ ወደ ቀበሌው ሲመለስ ያየውን ተናግሯል። «ቢሮው አገዳ በአገዳ ሆኗል» ብሏል። ሰሚው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የገባው፤ መንግሥት መኖ ሊያድል ነው። ምን ብሎ ሌላ ነገር ይገባዋል? ማን ጤነኛ ሰው ነው በሚያዝያ የማሽላ አገዳ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል?

ጠዋት ስደርስ ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰው ነው። አህዮች፣ ጋሪዎች፣ ገመድና ጆንያ የያዙ ሰዎች። ሁለት ግመል ያስከተለ ሰውም ነበር፤ ከቆላው መንገድ ላይ ሰምቶ ነው ዞር ያለው። የባጃጅ ሾፌሮቹ «መኖ! መኖ ቢሮ!» እያሉ ከመናኸሪያ ሰው ያመጣሉ። ሰይድ በሩ ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ስም ይመዘግባል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ! አንዱ ‹መዝግበኝ› አለኝ፣ መዘገብኩት። ሌላው ደግሞ ‹እሱን መዝግበህ እኔን?› አለኝ። አሁን እንዴት ላቁም?»

መኖ እንደማይታደል ልናገር ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ፊት ለፊቴ ያለው ሰው በአክብሮት አፌን ሲያይ ቆየና «ከየትኛው ቀበሌ ነው የሚጀመረው አለች?» ብሎ ዞሮ ጠየቀ። ተመልሼ ገባሁ። ስገባ አንዲት ግራጫ አህያ አንገቷን በሰሜኑ መስኮት አስገብታ የድምፅ ቅነሳ ኮሚቴውን ሥራ ከታች ወደ ላይ እየበላች ነበር። ማንም አልከለከላትም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም አልከለከልኳትም፤ የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰው ፀሐዩን ሸሽቶ አዳራሹን ሞላው። ጩኸቱ የሰኞውን አስረሳኝ። አቶ ጌታሁን ግራ ገብቷቸው፣ በመጨረሻ ከገበሬዎቹ መሃል የሚከበሩትን ሸህ ይማምን አስጠሩ። ሸህ ይማም ሌላ ቦታ ነገር ሲከር የሚጠሩ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ምርቃታቸውን የሚፈልግ አዛውንት ናቸው። ግድግዳውን ዞረው አዩ። ለምን እንደተሰቀለ አቶ ጌታሁን አስረዷቸው። ከት ብለው ሳቁ።

«ይቺ ናት የሰቀለችው? አይ ልጄ! እንግዲህ ከወረደ አይቀር፣ በሬው ከወደቀበትና ከአቅመ ደካማው ይጀመር፤ ለሌላው የለም። ለሰው እኔ እናገራለሁ።»

በዚህ መሃል አሥር ሰዓት ከሃያ ሆነ። ከሰው መሃል አንድ ሻሽ ሲገፋ አየሁ፤ እትዬ ዘሀራ ናቸው። ደረሱ። ከፊቴ ሳይሆን ከጎኔ ተቀመጡና አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉ።

«አሁን ማንም አይሰማም» አሉኝ። «ቶሎ ጻፊ!»

እውነታቸውን ነበር። ያን ያህል ጩኸት ውስጥ፣ ያን ያህል ሰው መሃል፣ ሁለታችን ብቻችንን ነበርን። ስማቸውን ጻፍኩ፤ የማሳውን ቦታ፣ በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ቦይ፣ ሁሉንም ጻፍኩ። «በማን ስም ነው የወጣው?» ወደሚለው መስመር ደረስን። እትዬ ዘሀራ ትንፋሽ ወሰዱ።

ልክ ያን ጊዜ ሸህ ይማም ወንበር ላይ ቆመው እጃቸውን አነሡ። ዱዓ ሊያደርጉ ነው። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አህዮቹ እንኳ ጸጥ ያሉ መሰለኝ።

እትዬ ዘሀራ አፋቸውን ገጠሙ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። እኔ እንደዚህ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት አፍሬ ሁለት ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። እግሬ ግን ተነሣ፤ ከአፌም የማላውቀው ድምፅ ወጣ።

«እባካችሁ ዝም አትበሉ!»

ሁሉም ዞረ። ሰይድ አፉን ከፈተ።

«አውሩ! ጩኹ! በእግዚአብሔር፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ!»

ዝምታው ጭራሽ ጠለቀ። አቶ ጌታሁን በቀስታ «ልጄ፣ አንቺ የድምፅ ቅነሳ ኮሚቴ ሰብሳቢ አይደለሽም እንዴ?» አሉ። ፊቴ ነደደ፤ ወለሉ ሲሚንቶ ባይሆን ኖሮ እገባበት ነበር። ሸህ ይማም ግን ወንበራቸው ላይ እንደቆሙ እኔን አዩኝ። እስክርቢቶዬን አዩ። ጆሮዬ ሥር አንገታቸውን የደፉትን እትዬ ዘሀራን አዩ። ጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ።

«ልጂቱ እውነቷን ነው» አሉ። «አሚን በሹክሹክታ አይባልም። በሙሉ ድምፃችሁ በሉ። በተለይ አንተ፣ ያ መዝጋቢው!» ሰይድን ነው። «ዝናቡን ያውርድልን!»

«አሚን!» አለ አዳራሹ። ግማሽ አገዳው ስለተበላ ቆርቆሮውም ደገመው።

«የባሌ ወንድም ነው» አሉ እትዬ ዘሀራ በጆሮዬ።

«ከብቶቻችንን ያቁምልን!»

«አሚን!»

«ሙሄ አሊ። ሙሄ ብለሽ ጻፊ።»

«የተጣላውን ያስታርቅልን!»

«አሚን!»

«እንዲከሰስ አልፈልግም። ስሜ እንዲመለስ ብቻ ነው።»

ሸህ ይማም ዱዓቸው ወትሮ አጭር ነው ይላሉ የሚያውቋቸው። ያን ቀን ግን ለማሽላው፣ ለጤፉ፣ ለሽንኩርቱ፣ ለመንገደኛው፣ ለታመመው፣ ለአራስ፣ ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ቢሮ ለሚቀመጡትም ልብ እንዲሰጥ ለመኑ። በአንድ ዓይናቸው እስክርቢቶዬን እያዩ ነው። እትዬ ዘሀራ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ቅጹ ላይ ሲጫኑ፣ ማኅተሙን አሳረፍኩና ራሴን ነቀነቅሁ።

«በመጨረሻም» አሉ ሸህ ይማም፣ «ለዚች ልጅ ዛሬ ድምፅ ሰጥተሃታል፤ ባልም ስጣት!»

ያን «አሚን» ዋጃ ድረስ ሰምተውታል። የሰይድ ብቻውን ይደርሳል።

ሲመሽ ግድግዳው እንደ ዱሮው ባዶ ነበር። አገዳውን አንድ ባልቴት፣ አንድ ዓይነ ስውርና ሁለት በሬያቸው የወደቀባቸው ሰዎች ተካፍለው ወሰዱት። ኮሚቴው በይፋ አልፈረሰም፤ ግን ማንም ስለሱ አላነሣም፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

አንድ ነገር ቀረ። ቅሬታ ሲመዘገብ ስሙ የወጣው ሰው ተጠርቶ ምላሽ ይሰጣል። የእኛ ቢሮ የሚጠራው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ሰይድ ለቀበሌው ይደውላል፣ ወይ ቀበሌው በድምፅ ማጉያ ያስነግራል። ዓርብ ጠዋት ስሙን በእጄ ሸፍኜ የጥሪ ወረቀት ስጽፍ ሰይድ አየኝና እጁን ወደ ስልኩ ላከ። «ልደውልለት?» አለኝ።

«አይሆንም!» አልኩት። ከትናንት የቀረ ድምፅ ነበረኝ። የጥሪውን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ጎብዬ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ።

አያ ሙሄን ያገኘኋቸው ሽንኩርት ሲያጠጡ ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ማሳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ውሃው ከቦዩ አልፎ ወደማይፈለግበት ሲሄድ እንኳ አልተነሡም።

«መዝጋቢዎቹ ሲመጡ እሷ ሐዘን ላይ ነበረች» አሉ በመጨረሻ። «‹የማን ነው?› አሉኝ። ‹የቤተሰብ ነው› አልኩ። እኔን ጻፉኝ። ሲለጠፍ አየሁት።» አፈሩን በጣታቸው ጫሩ። «አይቼም ዝም አልኩ።»

እኔም ዝም አልኩ። ይህንን እችልበታለሁ።

«ሰው ሰምቷል?» አሉኝ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ።

«ከእትዬ ዘሀራና ከእኔ በቀር ማንም አልሰማም፣ አያ ሙሄ።»

«ያ ሁሉ ሰው ባለበት ቢሮ?»

«አንድም ሰው።»

ተነሥተው የፈሰሰውን ውሃ ወደ ቦዩ መለሱት። ከዚያ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«እንግዲያስ ስሕተት ነበር፤ ይታረማል። እስክርቢቶ ይዘሻል?»

ይዤ ነበር። ሰጠኋቸው። ማስደገፊያ ስላልነበረን ቦርሳዬን በሁለት እጄ እንደ ጠረጴዛ ያዝኩላቸው፤ እሳቸውም ስማቸውን ፊደል በፊደል፣ ሳይቸኩሉ ጻፉ።